የአነስተኛ የሕፃናት መኖሪያ ቤቶች የእንክብካቤ ጥራት እንዴት ይመዘናል?

(ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

ድርቅ በአንድ አካባቢ በደረሰ ጊዜ በቅድሚያ የሚቆጠረው የደረቀው ሰብልና ያለቀው ከብት ነው። ቀጥሎ የሚቆጠረው እህል የሚያስፈልገው ሕዝብ ነው። ዘግይቶ የሚቆጠረው፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ሳይቆጠር የሚታለፈው፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ የቀረው ሕፃን ነው። ዝናብ ሲመለስ ማሳው ይታረሳል፤ ከብቱም ዓመታት ቢወስድም ይተካል። በማሳደጊያ ቤት ያለፈ ልጅነት ግን ተመልሶ አይታረስም። ስለዚህ ሕፃኑ በቤቱ በሚቆይበት ጊዜ የሚያገኘው እንክብካቤ ምን ዓይነት እንደሆነ በየጊዜው መመርመርና መመዘን የእርዳታው ሥራ አንድ ዋና አካል ነው።

ጉዳዩ የቆየ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአጎራባች አካባቢዎች በደረሰው ረሀብ፣ በኋላም በ1977 ዓ.ም. የሰሜኑን የአገሪቱን ክፍል በመታው ድርቅ ጊዜ፣ በኮረም፣ በባቲና በሌሎች መጠለያዎች ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም ከወላጆቻቸው የተለያዩ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ለሠፈራ ሲጓጓዝም አባት በአንድ በኩል፣ እናት በሌላ በኩል፣ ልጅም በሦስተኛው መንገድ የቀረበት ጊዜ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ሲቀሩ ብዙ አርብቶ አደር ቤተሰቦች ከቀዬአቸው ተፈናቅለዋል። ሰው በተፈናቀለበት ሁሉ ከቤተሰቡ የሚነጠል ሕፃን አይታጣም።

ለእነዚህ ሕፃናት በችግር ጊዜ የሚከፈተው ቤት «ለጥቂት ወራት» ተብሎ ይከፈታል። ወራቱ ግን ወደ ዓመታት ይለወጣሉ፤ ጊዜያዊው መጠለያም ሳይታሰብ ቋሚ መኖሪያ ይሆናል። ማንም ሰው ይህ እንዲሆን አልወሰነም፤ ማንም ግን እንዳይሆን አልጠየቀም። የግምገማ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይህን ጥያቄ በቀጠሮ፣ በጽሑፍና በኃላፊነት እንዲጠየቅ ማድረጉ ነው።

የአነስተኛ ቤት ጥቅምና አደጋ

ከመቶ በላይ ሕፃናትን በአንድ ግቢ የሚያኖሩ ትልልቅ ማሳደጊያዎች ያስከተሉት ጉዳት ከታወቀ ወዲህ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ ሕፃናት ከሞግዚቶቻቸው ጋር በአንድ ተራ የመኖሪያ ቤት የሚኖሩበት አሠራር እየተመረጠ መጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የሕፃናት አማራጭ ክብካቤ መመሪያም የመኖሪያ ተቋማት አነስተኛ እንዲሆኑና በተቻለ መጠን የቤተሰብን ኑሮ እንዲመስሉ ያዛል። በኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የወጣው ብሔራዊ መመሪያ በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ክብካቤን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማገናኘትን፣ ማደጎንና ጉዲፈቻን ዘርዝሮ፣ የተቋም ክብካቤን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል።

ይሁን እንጂ ቤቱ አነስተኛ መሆኑ ብቻውን ለጥራቱ ዋስትና አይሆንም። በትልቅ ተቋም ውስጥ አንድ ሞግዚት ብትታመም ሌላዋ ትተካታለች፤ በአነስተኛ ቤት ግን አንዲቱ ስትታመም የቤቱ ግማሽ ይቆማል። በትልቅ ተቋም ውስጥ የሚፈጸም በደል የሚያየው ሰው ሊኖር ይችላል፤ በአንድ የተዘጋ የግቢ በር ውስጥ የሚፈጸመውን ግን ሕፃናቱ ብቻ ያውቁታል። ስለዚህ ቤቱ እያነሰ በሄደ መጠን ውጤቱ በሚኖሩበት ጥቂት ሰዎች ጠባይ ላይ ይበልጥ የተመሠረተ ይሆናል፤ ግምገማውም ከሕንፃው ይልቅ ወደ ሰዎቹና ወደ ውሎአቸው ጠልቆ መግባት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ይህ ሕፃን ለምን እዚህ ኖረ?

ብዙ ጊዜ ግምገማ የሚጀምረው ከአልጋ ቆጠራ ነው። መጀመር የሚገባው ግን ከመዝገቡ ነው። ገምጋሚው የእያንዳንዱን ሕፃን ፋይል አንድ በአንድ ከፍቶ ሦስት ነገሮችን መፈለግ አለበት፦ ሕፃኑን ማን አመጣው? በምን ምክንያት መጣ? ቤተሰቡን ለመፈለግ ምን ተደረገ፣ መቼስ ተደረገ?

«ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ በቀላሉ ይጻፋል። በተግባር ግን አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ያለች ሕፃንም በዚሁ ስም ይመዘገባል፤ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት እያሉ በችግር ብቻ የመጣም ይኖራል። አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እኅት ያለው ሕፃን ጥቂት አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ድህነት ብቻውን ሕፃንን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ በግልጽ ይደነግጋል። አንድ ሕፃን ከእናቱ የተለየው እናቱ የምትሰጠው እህል ስላጣች ከሆነ፣ የቀረበው መፍትሔ ለችግሩ የተሰጠ መልስ አይደለም፤ እህሉ ወደ እናቲቱ መሄድ ይገባዋል።

በፋይሉ ውስጥ የትውልድ ቀበሌው፣ የወላጆቹ ሙሉ ስም፣ የሚናገረው ቋንቋና ሃይማኖቱ ያልተጻፈለት ሕፃን ቤተሰቡ የሚገኝበትን መንገድ እያጣ ነው። የአራት ዓመት ሕፃን የመንደሩን ወንዝና የጎረቤቱን ስም ዛሬ ሊያስታውስ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሊረሳው ይችላል። ስለዚህ መረጃው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተጻፈ ጠፋ ማለት ነው። የሕፃናት መብት ኮንቬንሽን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው፣ በአንቀጽ 20 ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን ሲረዳ አስተዳደጉ እንዳይቋረጥና ብሔረሰቡ፣ ሃይማኖቱ፣ ባህሉና ቋንቋው እንዲታሰቡለት ያዝዛል። በአንቀጽ 25 ደግሞ ለክብካቤ ወይም ለሕክምና ከቤተሰቡ ውጭ የተቀመጠ ሕፃን ሁኔታው በየጊዜው እንዲመረመር መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ግምገማ የሕፃኑ መብት መሆኑ መታወቅ አለበት።

ምግብ፣ ውኃና የሰውነት ዕድገት

ቀጥሎ የሚታየው ሰውነት ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት ከ115 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮች ካበጡ ከባድ የምግብ እጥረት አለ፤ ከ115 እስከ 125 ሚሊሜትር ባለው መካከል ከሆነ ደግሞ መካከለኛ ነው። ይህን ልኬት የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ለመኖሪያ ቤት ግን የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም። የሚያስፈልገው ሕፃኑ ከገባበት ቀን አንሥቶ በየወሩ የተጻፈ የክብደትና የቁመት መዝገብ ነው። ሕፃኑ በገባበት ወር ክብደቱ ጨምሮ በኋላ ለስድስት ወር ከቆመ፣ ይህ በአንድ ቀን ጉብኝት የማይታይ፣ በመዝገብ ብቻ የሚገኝ ምልክት ነው።

ውኃም በቁጥር ሊታይ ይችላል። ለድንገተኛ አደጋ እርዳታ የሚሠራበት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። 12 ሕፃናትና 3 ሞግዚቶች ያሉበት ቤት በዚህ መለኪያ በቀን 225 ሊትር፣ ማለትም ከአሥራ አንድ የሃያ ሊትር ጀሪካን በላይ ያስፈልገዋል። ገምጋሚው ባዶዎቹን ጀሪካኖች ቆጥሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሞሉና ማን እንደሚሸከማቸው ቢጠይቅ፣ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ብዙ ይረዳል። ውኃውን የምትቀዳው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሆነችና በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት የምትዘገይ ከሆነ፣ የውኃው ጥያቄ የትምህርትም ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። መለኪያው የአደጋ ጊዜ ዝቅተኛ መለኪያ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሕፃን ለዓመታት የሚኖርበት ቤት በአደጋ ጊዜ መለኪያ ሊረካ አይገባም።

ይሁን እንጂ ምግብ መቅረቡና ምግብ ለሰውነት መዋሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን በጉልህ ያሳየው የእንግሊዛዊቱ የሥነ ምግብ ተመራማሪ የኤልሲ ዊዶውሰን ጥናት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጀርመን አገር በሁለት አነስተኛ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ለአንድ ዓመት ክብደትና ቁመት ተለክቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሁለቱም ቤቶች ተመሳሳይ የራሽን ምግብ ተሰጣቸው። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ለአንደኛው ቤት ተጨማሪ ዳቦ፣ ማርማላታና የብርቱካን ጭማቂ ተጨመረለት። የተጠበቀው ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ሕፃናት ይበልጥ እንዲያድጉ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ተጨማሪ ያላገኙት በክብደት በለጧቸው።

ምክንያቱ ሲመረመር፣ በዚያው ጊዜ አንዲት ክፉ የቤት ኃላፊ ከሌላው ቤት ተዛውራ ተጨማሪ ምግብ ወደሚሰጠው ቤት መጥታ ነበር። ይህች ሴት ሕፃናቱን ብዙ ጊዜ በማዕድ ሰዓት በሌሎች ፊት ትቆጣቸውና ታሳፍራቸው ነበር። ከእርስዋ ጋር ይዛቸው የመጣች፣ የምትወዳቸው ጥቂት ሕፃናት ግን በደንብ አድገዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1951 በ«ላንሴት» መጽሔት ታትሟል። ለእርዳታ ሠራተኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የግምጃ ቤቱ መዝገብ ሙሉ ሆኖ ሕፃኑ ሊቀጭጭ ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚው የምሳ ዝርዝሩን ማንበብ ብቻ ሳይበቃው፣ በማዕዱ አጠገብ ተቀምጦ ሕፃናቱ ሲበሉ ማየት አለበት። ዝም ብለው በፍርሃት ይበላሉ ወይስ ይጨዋወታሉ? ትንሹን ማን ያጎርሰዋል? ተጨማሪ የሚለምን ሕፃን ምን መልስ ያገኛል?

የሞግዚቶች ሰዓትና ብዛት

የእንክብካቤ ጥራት ዋናው ምሰሶ ሞግዚቷ ናት። ስለ እርስዋ የሚቀርበው የተለመደ መልስ «ሞግዚቶች አሉ» የሚል ነው። ይህን መልስ በሒሳብ መፈተን ይቻላል። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አንድ ቤት ሁለት ሞግዚቶች ቢኖሩትና እያንዳንዳቸው 48 ሰዓት ቢሠሩ በድምሩ 96 ሰዓት ይሆናል፤ የቀረው 72 ሰዓት በማን ተሸፈነ? መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሕፃናቱ ብቻቸውን ያድራሉ፤ ወይም ሞግዚቶቹ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ ወይም ትልልቆቹ ልጃገረዶች የሞግዚት ሥራ ይሠራሉ። ሦስቱም በሪፖርት ላይ መታየት ያለባቸው ጉድለቶች ናቸው። በ72ቱ ሰዓት ውስጥ ብዙው ሌሊት መሆኑም ሊታሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሞግዚቷ መቆየት ነው። አንድ ሕፃን ባለፈው አንድ ዓመት ስንት ሞግዚት ተቀያየረበት? ሕፃን ሰውን መልመድ የሚማረው ከአንድ ሰው ጋር በመቆየት ነው። በየሦስት ወሩ የሚለምደው ሰው የሚሄድበት ሕፃን አለመልመድን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተጀመረው ጥናት ከተቋማት የተወሰዱ 136 ሕፃናትን ይዞ፣ ግማሾቹን በዕጣ ወደ ማደጎ ቤተሰቦች አሸጋግሮ፣ ሌሎቹ በነበረው አሠራር እንዲቀጥሉ አድርጎ ተከታትሏቸዋል። ወደ ቤተሰብ የተሸጋገሩት በአእምሮ ዕድገታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተሸጋገሩት። የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ክብካቤ በቤተሰብ ውስጥ እንዲሰጥ የሚያዝዘው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ተደግፎ ነው። ስለዚህ ገምጋሚው በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካገኘ፣ ለእርሱ የሚሰጠው ሐሳብ ቤቱን ስለ ማሻሻል ሳይሆን ለሕፃኑ ቤተሰብ ስለ መፈለግ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ሞግዚቷ በቤቱ አሠራር ውስጥ ያላት ድምፅ ነው። ፒተር ዎልፍና ገብረመስቀል ፍሥሐ በኤርትራ ሁለት ማሳደጊያዎችን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ይጠቅማል። በአንደኛው ማሳደጊያ ውሳኔ ሁሉ ከዳይሬክተሩ የሚወርድ፣ ውሎውም በጥብቅ ደንብና ሰዓት የተወሰነ ነበር። በሌላው ግን ሠራተኞቹ ሁሉ በውሳኔ ይካፈሉ፣ ሕፃናቱም ከሞግዚቶች ጋር የቀረበ ግንኙነት እንዲኖራቸውና ራሳቸውን እንዲችሉ ይበረታቱ ነበር። በሁለተኛው የነበሩት ሕፃናት የጭንቀት ምልክታቸው በጉልህ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሞግዚቷ የማትጠየቅበት ቤት ሕፃኑም የማይጠየቅበት ቤት ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ሞግዚቷን ብቻዋን ይዞ፣ ስለ ደመወዝዋ፣ ስለ ዕረፍትዋ፣ ስለ ልጆችዋም ጭምር መጠየቅ ይገባዋል። የራስዋን ልጆች ያለ ጠባቂ ትታ የሌላውን ልጅ የምታሳድግ ሴት ልብዋ በሁለት ቦታ ነው።

በጉብኝት ቀን የማይታየው

እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት መጥረግና ቡና ማፍላት የአገሩ ወግ ነው፤ እንደ ማታለልም ሊቆጠር አይገባውም። ሆኖም ግምገማው በዚያው ቀን ብቻ ከተፈጸመ የተመዘነው እንግዳ አቀባበሉ ነው። ስለሆነም ከታወጀው ጉብኝት ሌላ፣ ሳይታወጅ የሚደረግ ጉብኝት ያስፈልጋል፤ ይህም ቢሆን በቤቱ መተዳደሪያ ውስጥ አስቀድሞ የታወቀ ደንብ ይሁን። የተሻሉት ሰዓቶች ማለዳና ምሽት ናቸው። ሕፃናት ሲነሡ፣ ሲለብሱ፣ አልጋቸውን ያረጠቡት ምን እንደሚባሉ፣ ማታም ማን እንደሚያስተኛቸው በእነዚህ ሰዓቶች ይታያል።

አንድ ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ወደ ማሳደጊያ የገባ እንግዳን ሕፃናት ሮጠው ሲያቅፉትና እጁን ይዘው አንለቅም ሲሉ እንግዳው ደስ ይለዋል፤ «ፍቅር የጠገቡ ልጆች ናቸው» ብሎም ይጽፋል። እውነቱ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በቤተሰቡ ያደገ ትንሽ ሕፃን የማያውቀው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እናቱ ይሸሻል፤ ከቀሚስዋ ኋላ ሆኖ ይመለከታል፤ ከተረጋጋ በኋላ ይቀርባል። ያልታወቀን ሰው ሁሉ እኩል የሚያቅፍ ሕፃን ለይቶ የሚሸሽበት ሰው ያጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚው የሚያየው ሕፃኑ ወደ እንግዳው መምጣቱን አይደለም። ሲወድቅ፣ ሲፈራ ወይም ሲታመም ወደ ማን እንደሚሮጥ ማየት አለበት።

ሕፃናቱን ማዳመጥ

ሕፃናቱን ሳያነጋግር የተጻፈ ግምገማ ጎደሎ ነው። ንግግሩ ከኃላፊውና ከሞግዚቷ ፊት ራቅ ብሎ፣ ነገር ግን ሰው በሚያይበት ቦታ፣ ሕፃኑ በሚናገረው ቋንቋ መደረግ አለበት። በሠፈራ ምክንያት ከአካባቢው ርቆ የመጣ ሕፃን የሞግዚቶቹን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል፤ አስተርጓሚው ከቤቱ ሠራተኞች አንዱ ከሆነ ንግግሩ ከንቱ ነው። «ትመታላችሁን?» ብሎ መጀመርም አይጠቅምም። የትናንቱን ውሎ ከመንጋት እስከ መተኛት እንዲተርክ መጠየቅ ይሻላል፤ በውሎው ውስጥ የሚያስፈራው ሰዓትና ቦታ ራሱን ይገልጣል።

ሕፃኑ በደል እንደደረሰበት ከተናገረ፣ ገምጋሚው «ለማንም አልናገርም» ብሎ ሊምል አይገባውም፤ ሊጠብቀው የማይችለው ቃል ነውና። ለማን እንደሚነገርና ለምን እንደሚነገር ለሕፃኑ በሚገባው ቃል መግለጥ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅ፣ ሕፃኑ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ቤት እንዳያድር ማድረግ ግዴታው ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ገምጋሚ ሕፃኑን ከመጠየቁ በፊት መንገዱን ማዘጋጀት ነበረበት። ሕፃን አንድ ጊዜ ተናግሮ ምንም ካልተደረገለት ሁለተኛ አይናገርም።

የገንዘቡ መንገድ

እርዳታ ለአንድ ቤት በሕፃናቱ ቁጥር የሚታሰብ ከሆነ፣ ሕፃን ወደ ቤተሰቡ በተመለሰ ቁጥር የቤቱ ገቢ ይቀንሳል። ኃላፊው ደግ ሰው ቢሆን እንኳ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ይዞት፣ ባዶ አልጋ እንዳይኖር መፈለጉ አይቀርም። ይህ የግለሰቦች ጉድለት ሳይሆን የአከፋፈሉ ጉድለት ነው፤ መታረም ያለበትም በረጂው ዘንድ ነው። ስለዚህ ገምጋሚው የሒሳቡን መዝገብ ሲመረምር ጥሬ ገንዘቡ መጉደል አለመጉደሉን ብቻ ሳይሆን፣ ቤተሰብን ለመፈለግ፣ ለመልስ ጉዞና ሕፃኑን ለተቀበለው ዘመድ ድጋፍ የተመደበ ገንዘብ መኖሩን መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለ ርእስ በበጀቱ ውስጥ ከሌለ፣ ቤቱ ሕፃናትን ለመመለስ የጻፈው ዓላማ በወረቀት ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ሕፃናትን በመመለሱ ምክንያት በጀቱ የተቀነሰበት ቤት ካለ ረጂው ቅጣትን በሽልማት ቦታ እንዳስቀመጠ ሊነገረው ይገባል።

ከቤቱ መውጣት

ሕፃን ወደ ቤት የሚገባበት ቀን እንደሚጻፍ ሁሉ የሚወጣበት መንገድም ገና በገባ ጊዜ መታሰብ አለበት። ወደ ዘመዱ የሚመለስ ከሆነ ዘመዱ አስቀድሞ ተጎብኝቷል? ሕፃኑስ ተጠይቋል? ከተመለሰ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ተመድቧል? ወደ ደሃ አያት ያለ ምንም ድጋፍ የተላከ ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ጎዳና ሊወጣ ይችላል፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ተቀላቅሏል» ተብሎ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ካገደች ወዲህ በአገር ውስጥ ያሉት መንገዶች፣ ማለትም የዘመድ ክብካቤ፣ ማደጎና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ ከፍ ያለ ኃላፊነት ወድቆባቸዋል። እነዚህ መንገዶች ለሕዝቡ እንግዳ አይደሉም፤ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የሚወጣ ወጣትም የመታወቂያ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጥቂት የሥራ ልምድና በበዓል ቀን የሚሄድበት አንድ ቤት ያስፈልገዋል። በቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ገዝቶ የማያውቅ፣ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ፣ ገንዘብ ይዞ የማያውቅ ወጣት ካለ፣ ይህ በፍቅር የመጣ ቢሆንም ጉድለት ነው።

ሪፖርቱና ከሪፖርቱ በኋላ

በመጨረሻ የግምገማው ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማቅረብ አለበት፦ በዓይን የታየውን፣ ከሰው የተሰማውንና በመዝገብ የተነበበውን። «እንክብካቤው አጥጋቢ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም። «ከ12 ሕፃናት ውስጥ አምስቱ የቤተሰብ ፍለጋ አልተደረገላቸውም፤ በሳምንት 72 ሰዓት ተረኛ ሞግዚት የለም» የሚል ጽሑፍ ግን ለሥራ ይመቻል። ለእያንዳንዱ ጉድለት የሚያርመው ሰውና የሚታረምበት ቀን ይጻፍ፤ በዚያም ቀን ገምጋሚው ይመለስ። የተገኘውም ለኃላፊው ብቻ ሳይሆን ለሞግዚቶቹና በሚገባቸው መጠን ለሕፃናቱ ይነገር።

ቤቱ መዘጋት እንዳለበት ከተወሰነ ደግሞ የሚዘጋበት ቀን የሚቆረጠው የእያንዳንዱ ሕፃን መድረሻ በስም ከታወቀ በኋላ ነው፤ ሕይወቱ ወይም አካሉ አደጋ ላይ ያለ ሕፃን ግን አንድ ቀንም አይጠብቅም። ሕፃናትን በአንድ ሌሊት በመኪና ጭኖ ወደ ሌላ ተቋም ማዛወር፣ ቤተሰባቸውን በጉዞ ያጡትን ልጆች ያንኑ ሐዘን ዳግመኛ ማቅመስ ነው።

ክቡራን ተሳታፊዎች፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። በወላጁ ጉያ ላለ ልጅ አባባሉ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። በመኖሪያ ቤት ላለ ሕፃን ግን ዕድሉ የሞግዚቶቹ የተራ ሰሌዳ፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው የትውልድ ቀበሌ ስም፣ ሳይታወጅ የሚመጣው ጎብኚና በበጀቱ ውስጥ ለመመለሻው የተመደበው ገንዘብ ነው። እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ የሚሠሩ፣ በሰው እጅም የሚታረሙ ናቸው። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ወደየምድብ ሥራው የሚመለስ ባለሙያ ሁሉ በሚቀጥለው ጉብኝቱ የአልጋውን ቁጥር ከመጻፉ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ይክፈትና ይህ ሕፃን ለምን እዚህ ኖረ ብሎ ይጠይቅ።